በወንድሜ ዘፈን ላይ የተቀዳው መርዶ

ወንድሜ ጎባ ውስጥ የቀበሌው የኪነት ቡድን ጊታር መቺ ነበር። የአብዮት መዝሙር ሰለቸኝ አለና ወጣ። ከዚያ ብቻውን ሁለት ካሴት ሠራ። የባሌን የፈረሰኛ ዜማ በኤሌክትሪክ ጊታር ነው የተጫወተው። ሰው ሳቀበት። ካሴቱን ይሸጥለት የነበረው የሮቤ ሙዚቃ ቤት ባለቤት ራሱ፣ «ፈረሱን ኮረንቲ ያዘው እንዴ?» ይለው ነበር። ሁለተኛው ካሴት አልሸጥ ሲል ሰውየው ሌላ ዘፈን እየቀዳበት ጨረሰው። ከዚያ ለእኛ አንድ ቅጂ ብቻ ቀረን። ወንድሜም ጉበቱን ታሞ ሞተ።

ሲሞት ሁሉም ወዳጅ ሆነ። «ቀዳሚ ነበር እኮ! ካሴቱን አውሰን!» ባለ ሙዚቃ ቤቱም ጭምር። በሕይወት እያለ የት ነበራችሁ? ካሴቱን ልፈልግ ቤት ገባሁ። የለም።

አክስቴ መጻፍ ስለማትችል፣ በዚያ ዘመን ብዙ ሰው እንደሚያደርገው፣ ለዘመድ መልእክቷን በቴፕ ቀድታ በመንገደኛ ትልካለች። የወንድሜንም መርዶ ብድሬ ከተማ ላለው አጎቴ እንደዚያ ልካለች። በምን ላይ ቀድታ? በዚያው ካሴት ላይ!

«አክስቴ፣ ሌላ ካሴት አጡ?»

«ሌላው ሁሉ ቁርአን ነው። ቁርአን ላጥፋልህ?»

«የሱን ዘፈን ግን…»

«የሱን መርዶ በሱ ካሴት ካልላክሁ በማን ልላክ? እሱ ራሱ የሄደላቸው ያህል ነው!»

ካሴቱን ላስመልስ ተነሳሁ። በጭነት መኪና ብድሬ ወረድኩ። መንገዱ ሁሉ አቧራ፣ እኔም ንዴት ብቻ። አጎቴ ቴፑን ከፈተልኝ። አክስቴ ስታለቅስ፣ ዱዓ ስታደርግ፣ የጎረቤቱን ሁሉ ሰላምታ ስትቆጥር… አያልቅም! በመጨረሻ ቀጭ አለና የወንድሜ ድምፅ መጣ። ከመጨረሻው ዘፈን መሀል። የተረፈው ያ ብቻ ነው።

«ይስጡኝ፣ ልውሰደው» አልኩ።

«ካሴቱ ኬኛ ነው፣ የእኛ ነው። መርዶ ለላኪው ይመለሳል እንዴ?»

ልከራከር አፌን ስከፍት የአጎቴ ልጆች ከቴፑ ጋር መዝፈን ጀመሩ። ጊታሩን ሳይቀር በአፋቸው ይመታሉ። መርዶውን በሰሙ ቁጥር ዘፈኑ ስለሚከተል በቃላቸው ይዘውታል። እኔ ግን ተናደድኩ።

«ከመሀል ጀምራችሁ ምን ይገባችኋል? ዘፈኑ ላይ ፈረሱ የት እንደጠፋ እንኳ አታውቁም!»

«የት ጠፋ?» አለች ትልቋ።

በወሬ ልነግራት ሞከርኩ። አልሆነም፤ በዜማ ካልሆነ አይመጣልኝም። ስለዚህ ዘፈንኩት። ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ።

«ድምፅህ አስቀያሚ ነው» አለች ልጅቷ። «ቢሆንም አታቁም። ከመጀመሪያው በለው።»