ትርንጎን ቤት ያዋልኩበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት ዳንግላ ድንች አራግፈን ሻይ ቤት ተቀምጠናል። አጠገባችን አንድ ጎረምሳ እርጉዝ ሚስቱን ጎኑ አስቀምጦ ሲጋራ ለኮሰ። ሴትዮዋ በነጠላዋ አፍንጫዋን ሸፈነች። «ወንድሜ፣ ወጣ ብለህ አጭስ» አልኩት። አየት አደረገኝና «አንተን ምን አገባህ?» አለኝ። እኔ መልስ የማጣ ሰው አይደለሁም፤ ቆሰበር ውስጥ አፈኛ ቁጠሩ ብትባሉ ከኔ ነው የምትጀምሩት። ያን ቀን ግን ሻዬን ጨልጬ ወጣሁ።

የዛሬ ስድስት ዓመት እኔም እንደሱ ነበርኩ። ትርንጎን ካገባሁ ዓመት አልሞላኝም፤ ቆሰበር ከገበያው ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር። ሥራዬ ድንች መጫን ነው። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፣ እጄ ግን ዲግሪ አለው። የትኛውንም ጆንያ ብድግ አድርጌ ኪሎውን እናገራለሁ፤ ነጋዴው በሚዛን ቢደግመው ልክ እኔው ነኝ።

ከግድግዳው ወዲያ ይርሳው የሚባል አናጢ ከሚስቱ ከባንቻየሁ ጋር ይኖራል። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ጥርሱ ነጭ። ሲጋራ ነክቶ አያውቅም። ከኔ ሌላ መልከ መልካም ሰው ሰፈሩ ውስጥ መኖሩ ራሱ ያናድደኝ ነበር።

ትርንጎና ባንቻየሁ ባንድ ሰሞን አረገዙ። ክረምቱ ገባ። የኛ አገር ጉም ከገባ ከደጅ አይነሳም፣ ብርዱም አጥንት ድረስ ነው። ዝናብ ሲሆን መኪና አይጫንም፤ ቤት ውዬ በሩን ዘግቼ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ እበላለሁ፣ በላዩ ላይ ሲጋራ በሲጋራ እለኩሳለሁ። ክብሪት ስጭር ትርንጎ ነጠላዋን አንስታ እነባንቻየሁ ቤት ትሄዳለች። መጀመሪያ ነገሬም አላልኩት። አንድ ቀን ግን ከግድግዳው ወዲያ ስትስቅ ሰማኋት። እኔን የሚያህል ቀልደኛ ቤቷ አስቀምጣ፣ እንደዚያ ስቃልኝ አታውቅም።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለ። ስንቴ ሄደች፣ ይርሳው ቤት ነበር ወይ፣ ስትመለስ ፊቷ ምን ይመስላል። አንድ ከሰዓት ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆምኩ።

«ከይርሳው ጋር ምን አላችሁ?»

ደንግጣ አየችኝ። «ጭሱ ያቅለሸልሸኛል ብዬህ የለ?»

«ለሱ ሳቅ፣ ለኔ ማቅለሽለሽ? ካሁን በኋላ እዚያ ቤት እግርሽ እንዳይረግጥ።»

አልረገጠም። ክረምቱን ሙሉ አልጋው ጥግ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀመጠች፤ እኔም እንደ ዘበኛ በሩ ጋ ቁጭ ብዬ አጨስኩ። ሚስቴን ሥርዓት አስያዝኳት ብዬ ለጫኝ ጓደኞቼ ጉራዬን ነዛሁ።

ልጃችን ጥቅምት ላይ ወሯን ጨርሳ ተወለደች። ጤና ጣቢያ ሲስተሯ ወደ ሚዛኑ ስትወስዳት፣ እስቲ ላፍታ ብዬ ተቀበልኳት። ወዲያው አወቅሁት። አንድ ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። ሚዛኑም ያንኑ አለ። ልክ በመሆኔ ያዘንኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሲስተሯ ትርንጎን ታጨሻለሽ ወይ አለቻት። እሷ ሳትሆን እኔ ነኝ፣ ቤት ውስጥ፣ አልኩ። ሲስተሯ ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል፣ ግን እናቲቱ ባታጨስም ጭሱ በሷ በኩል ለፅንሱ ይደርሳል፣ ክብደቱንም ይቀንሳል አለችን። ከዚያ ወደ ትርንጎ ዞረች።

«እሱ ሲያጨስ ወጣ ማለት አትችይም ነበር?»

ትርንጎ እኔን አላየችም። «ብርድ ነበር» አለች።

በሳምንቱ ባንቻየሁ ወለደች። ልጠይቅ ሄድኩ፤ ቤቱ የተላገ እንጨት ይሸታል። ይርሳው ልጁን አሳቀፈኝ። ሦስት ተኩል። «ይሄ ሳይጠመቅ ለጫኝነት ይቀጠራል» አልኩ፣ ሳቁ። እኔ ግን ክንዴ ላይ የከበደኝን ያህል ጆንያ ከብዶኝ አያውቅም። ቀናሁ፤ በሰው ሕፃን ድንቡሽቡሽ ጭን ቀናሁ። የኔዋን ልጅ ትርንጎ ሁለት ወር ሙሉ ከልብሷ ውስጥ ደረቷ ላይ አስራ አሞቀቻት። እኔ ሌሊት እየተነሳሁ መተንፈሷን አዳምጥ ነበር።

ዛሬ ልጄ ደህና ናት። ቀጠን ትላለች፣ አፏ ግን የኔ ነው። ሲጋራ መተዌን ላገኘሁት ሁሉ እፎክራለሁ። የማላወራው ሌላውን ነው። ትርንጎ እስካሁን ድረስ እነባንቻየሁ ቤት ብቅ ልትል ስትል መጀመሪያ ቆም ብላ «ልሂድ?» ትለኛለች። እንደ ደግ ሰው «ሂጂ» እላለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ እዚያ ስትስቅ ስሰማ አሁንም ጆሮዬ ይቆማል። አንድ ቀን ሳትጠይቀኝ ብትሄድ ደስ ይለኝ ነበር፤ ይሄን ያህል አፍ ይዤ፣ ይቺን አንዲት ነገር ልነግራት አልቻልኩም።