ከዘፈኑ ሥር የነበረው ምት

ባለፈው ሳምንት ከደብረ ማርቆስ ወደ አማኑኤል ከተማ ስሄድ የሚኒባሱ ሬዲዮ አንድ የድሮ የአሜሪካ ዘፈን አሰማ። ከጊታሩ ሥር ሁለት እንጨት ይጋጫል፤ ሦስት ጊዜ፣ ትንሽ ዝም ይልና ሁለት ጊዜ። ዘፈኑ ሲያልቅ አንድ ሽማግሌ ለጋዜጠኛዋ ማስረዳት ጀመረ። «ይህ ምት የኩባ ነው። አሜሪካኖቹ ወስደው ስሙን እንኳ አላነሱም። እኔ ይህን ያወቅሁት ደብረ ማርቆስ የቀበሌ ኪነት ስመራ ነው» አለ። ድምፁን አወቅሁት። ማን እንደነገረው ግን አልተናገረም። እኔ ልንገራችሁ።

አባቴ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነበር። አንድ አሜሪካዊ አስተማሪ አብዮቱ ሲመጣ ወደ አገሩ ተመለሰና ሸክላ ማጫወቻውን ከጥቂት ሸክላዎች ጋር ለአባቴ ተወለት። በደርግ ጊዜ እንዲህ ያለ ዘፈን በግላጭ አይሰማም። በሩን ዘግተን፣ ድምፁን ዝቅ አድርገን ነበር የምንሰማው። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ትንሽ ከፍ እናደርገዋለን።

እንዲህ ባለ ቀን ሆስፒታል የሚሠራ ኩባዊ ሐኪም የአባቴን የታመመ እግር ሊያይ ሳይታሰብ ገባ። ማጫወቻውን ለመዝጋት አልደረስሁም። እጁ አልኮል ይሸት ነበር። አዳመጠ፣ ሳቀ፣ ሁለት ማንኪያ አንስቶ የአልጋውን ብረት መታ። ሦስት፤ ሁለት። «ቋንቋ አሜሪካ» አለ በተሰባበረ አማርኛው፤ «ይኼ ግን እናቴ ቤት። አሜሪካ ይበላል፤ ማን አበሰለ፣ አይጠይቅም።» አባቴ እግሩን ረስቶ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ሸክላዎቹን ሁሉ ደግሜ ሰማሁ። ምቱን በሦስቱ ውስጥ አገኘሁት፤ አንዱ ጋ ከጭብጨባው ሥር ተደብቆ ነበር። ሽፋናቸው ላይ የኩባን ስም ብፈልግ የለም።

እኔና ጓደኛዬ የቀበሌው ኪነት ቡድን ውስጥ ነበርን። ጎረቤቴ ነበረች፤ ከፊደል ጀምሮ አብረን ነው የተማርነው። ሐኪሙ ያለውን ነገርኋት፤ ምቱንም በአንድ ከሰዓት አስተማርኋት። ቡድኑ ለውድድር ባሕር ዳር ሊሄድ ነበር። ከደብረ ማርቆስ ወጥቼ አላውቅም ነበር፤ በዚያ ዓመት ከዚህ ጉዞ ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረኝም።

ልምምድ ላይ ምቱን በሁለት ዱላ መታሁት። የቡድኑ ኃላፊ፣ ያ በሬዲዮ የሰማሁት ሰው፣ አስቆመኝ።

«ይኼ ከየት የመጣ ነው?»

«ከኩባ ነው፣ ጓድ። የአሜሪካ ዘፈን ውስጥም አለ።»

«የአሜሪካ ዘፈን የት ሰማሽ አንቺ?»

አባቴን ላለማጋለጥ የት እንደሰማሁ አልተናገርሁም። «ሐኪሙ ነው የነገረኝ» አልሁ።

«እንግዲያው መርፌ መውጋትም ያስተምርሽ» አለ። ልጆቹ ሳቁ። ከቡድኑ አስወጣኝ። ጓደኛዬን አየኋት፤ «እውነቷን ነው» የሚል አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። ጫማዋን ታይ ነበር።

ቡድኑ ከመሄዱ በፊት በከተማው አዳራሽ ትርኢት አሳየ። ኃላፊው መድረክ ላይ ወጥቶ «ለኩባ ወንድሞቻችን ክብር ያዘጋጀሁት አዲስ ምት» አለ። ዱላዎቹን የያዘችው ጓደኛዬ ነበረች። ጥሩ አድርጋ መታችው፤ ይህን አልክድም። ሐኪሙ ከፊት ተቀምጦ ያጨበጭባል። ሳያልቅ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት፣ አውቶቡሱ ከመነሳቱ በፊት፣ ቤታችን መጣች። ጓዳ ሆኜ እናቴን «የለችም በያት» አልኋት። ቤታችን ጠባብ ነው፤ ሰምታኛለች። «እሺ እትዬ፣ ስትመለስ መጥታ ነበር ይበሏት» አለች ከደጅ። እርምጃዋ ጭቃው ላይ ሲርቅ ይሰማኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ ከሰላምታ አላለፍንም። ጉንደ ወይን አግብታ ሄደች። ኃላፊው ዋሽቷል፤ የእሱ ነገር በዚህ ያበቃል። እሷ ግን ካቻምና ሞተች፤ እኔ የሰማሁት አርባዋ ካለፈ በኋላ ነው። ያን ጠዋት ምን ልትለኝ እንደመጣች አላውቅም። አሁን የሚነግረኝም ሰው የለም።