ሽንኩርቱ ሲቁላላ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ለቡ ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ ልብስ ሳሰጣ፣ ከአዲሱ አዳራሽ በኩል «ሀሎ፣ ሀሎ፣ ቴስት፣ አንድ፣ ሁለት» የሚል ድምፅ መጣና እርጥብ አንሶላ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ቀጥሎ ከበሮ ድም፣ ድም አለ፤ ሳክስፎኑም ጉሮሮውን ጠርጎ ዝም አለ። ዘፈን ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባላንሰፈሰፈኝ፤ አባዬን የሚያመጣብኝ ዘፈኑ ሳይሆን ከዘፈኑ በፊት ያለው ግርግር ነው።

አባዬ ነፋስ ስልክ አንድ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነበር። አንዲት ዜማ እንኳ ሳያበላሽ ከጓዳ እስከ በር መዝለቅ አይችልም ነበር፤ ግን እንደሱ ሙዚቃ የሚወድ ሰው አላየሁም። በእንቁጣጣሽ ማግስት በሰፈራችን አዳራሽ ባንድ ሲመጣ፣ ገና በሩ ሳይከፈት እኔንና እማዬን አሰልፎ ይወስደን ነበር። እማዬ ታኮ ጫማዋን አድርጋ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ መንገዱን ሙሉ ስታጉረመርም ትሄድ ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ወንበር ልትደረድርላቸው ነው እንዴ የምትወስደን?»

እውነትም ኮቱን አውልቆ አብሯቸው ወንበር ይደረድር ነበር። ከዚያ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ጊታር ሲቃኝ፣ ሽቦ ሲጎተት፣ ማይክ ሲያፏጭ እንደ ሕፃን አፉን ከፍቶ ያያል።

«ወጥ ለመብላትማ ሁሉም ሰው ይመጣል፤ እኔ የምወደው ሽንኩርቱ ሲቁላላ ነው» ይለን ነበር።

ዘፈኑ ሲጀመር ግን እማዬ ኩርፊያዋን ሁሉ ረስታ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ትነሳለች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ዙሪያዋን ያለው ሰው ቦታ ይለቅላት ነበር። አባዬ ያኔ መድረኩን ትቶ እሷን ብቻ ያያል።

ሁዳዴ ሲገባ ቤታችን ጭር ይል ነበር፤ እማዬ ቴፑን በነጭ ዳንቴል ትሸፍነውና እስከ ፋሲካ የሚነካው የለም። የፋሲካ ጠዋት አባዬ ገና የመጀመሪያዋን ጉርሻ ሳይውጥ ተነስቶ ዳንቴሉን ይገልጠዋል፤ እሷም «ምን አለ እስክትውጥ ብትታገሥ!» እያለች ትስቃለች። እኔ ፋሲካ መድረሱን የማምነው ያኔ ነበር።

አንድ ክረምት፣ ሰኔ ላይ ያመመው አባዬ መስከረም ሳይጠባ ሞተ። እማዬ ቴፑን ሸፈነችው፤ ጎረቤቶቻችንም ሬዲዮናቸውን ዝቅ አደረጉ። ጥር ሲገባ አጠገባችን ያሉት እትዬ ዘነበች ልጃቸውን ሊድሩ ነበርና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ ቤታችን መጡ።

«አልማዜ፣ አንቺ ካልፈቀድሽ ባንድ አላስገባም» አሏት።

«ልጅሽ ልጄ ናት፤ ይዘፈንላት እንጂ» አለች እማዬ። «እኔን ግን አትጠብቂኝ፤ ከቤቴ አልወጣም።»

የሠርጉ ዕለት እማዬ ምስር ስትለቅም፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ከድንኳኑ «ሀሎ፣ ቴስት» ሲል እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ፤ ማይኩ ሲያፏጭ፣ ጊታሩ ሲቃኝ፣ ሁሉንም አንገቷን ደፍታ ሰማችው። ዘፈኑ ሲጀመር ግን ተነስታ መስኮቱን ዘጋች። አለቀስኩ፤ ከአባዬ ጋር ያቺን ትከሻዋ የሚንቀጠቀጥ እናቴንም የቀበርን መሰለኝ።

ሙት ዓመቱ ወጥቶ ዘመድ ተሰብስቦ ከሏን ሲያስለውጣት ልብሷን ለወጠች፤ ዳንቴሉን ግን አልገለጠችውም። ፋሲካ የሌለው ጾም ያዘች። እኔም እሷ ጾማ ልፈስክ አልቻልኩምና፣ አድጌ ሥራ ከያዝኩ በኋላ እንኳ ጓደኞቼ ባንድ እንይ ሲሉኝ ሰበብ እየፈጠርኩ እቀር ነበር፤ ሲያምረኝ ብቻ በስልኬ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ፣ ከእሷ ተደብቄ እሰማለሁ።

ያን ቅዳሜ አንሶላውን ትቼ ወደ ሳሎን ገባሁ። እማዬ አሁን ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው፤ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ፊቷን ወደ በረንዳው አዙራለች። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ አዳራሹ ጋ ባንድ አለ። አብረን እንሂድ?»

ፊቷን ወደ በረንዳው እንዳዞረች የነጠላዋን ጫፍ ጠቀለለች። ምነው ባልተናገርኩ አልኩ።

«መቼ ነው የሚጀምረው?»

«ገና ነው፣ ሲመሽ ነው። ልብሱን አስጥቼ ልጨርስና...»

«ኧረ ተይው ልብሱን!» አለች፣ በእግሯ ጫማዋን እየፈለገች። «ወንበሩን ደርድረው ሳይጨርሱ እንድረስ።»

የድሮው አዳራሽ ወንበር እየተንቋቋ የሚታጠፍ ነበር፤ የአሁኑ ወለሉ ላይ በብሎን የታሰረ ነውና የሚደረደር አላገኘንም። እማዬ ቅር አላት መሰለኝ ብረቱን በእጇ ነቅነቅ አደረገችው። ባዶው አዳራሽ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን ልጆቹ ሽቦ ሲጎትቱ፣ ጊታር ሲቃኙ አየን። ማይኩ ሲያፏጭ ዓይኗን ጨፈነች፤ እጄንም ያዘችኝ።

ድሮ በዘፈኑ መሐል ሰው እርስ በርሱ ይተያይ ነበር፤ ዛሬ ዘፈኑ ሲጀመር አዳራሹ ሙሉ ስልኩን ወደ ላይ አነሳ። እማዬ ጉልበቷ እሺ ስላላላት መቆም አልቻለችም። ነጠላዋን ግን ቀስ ብላ ወገቧ ላይ ሸብ አደረገች፤ መጀመሪያ አንዱ ትከሻዋ፣ ከዚያም ሌላው ተነሳ። ዘፋኙ ምን እንደለበሰ እንኳ ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ እኔም እንደ አባዬ መድረኩን ትቼ እሷን ብቻ እያየሁ ነበር።