ረቡዕ የበላሁት እንቁላል

ሓድነት ክፍለ ከተማ ውስጥ ባለ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ባለፈው ረቡዕ ርእሰ መምህሩ ቢሮው አስጠርቶኝ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ፊቴ ዘረጋ።

«በጾም ቀን እንቁላል ስትበዪ ታይተሻል። ከደገምሽው ከሥራ ትሰናበቻለሽ። ፈርሚ!»

ደሜ ፈላ። ስድስት ዓመት ሙሉ ስለማስተምረው ትምህርት አንድ ቀን ጠይቆኝ የማያውቅ ሰው፣ አሁን ምሳ ዕቃዬን ይፈትሻል!

«መምህር፣ ጾሜ የእኔና የንስሐ አባቴ ጉዳይ ነው» አልኩት። «ደግሞስ ፋሲካ ከዋለ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው። እስከ ሃምሳው ቀን ረቡዕም ዓርብም አይጾምም!»

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አየና ፊቱ ቀላ። ይቅርታ ሊጠይቀኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

ደብዳቤውን አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተና፣ «ግድ የለም፣ የሰኔ ጾም ሲገባ ቀኑን እንቀይረዋለን» አለኝ።