የአህያ ካባ

ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ ከስሜ በቀር የጻፍኩት ነገር የለም። ያቋረጥኩትም ከስድስተኛ ክፍል ነው። የከተማችንን የመጀመሪያ ነገሮች የሚሰበስብ አንድ አስተማሪ «የአንቺን ራስሽ ጻፊው» ስላለኝ ነው የተቀመጥኩት። በአፍሽ ንገሪኝ ቢለኝ ኖሮ ይኼኔ ሸሽቼ ነበር።

በከተማችን በአርብ ገበያ ሰው በመጀመሪያ ነገር መኩራት ይወዳል። የመጀመሪያውን ወፍጮ ማን እንደተከለ፣ የመጀመሪያው ባጃጅ ዳገት ላይ ሲቆም ወርደው የገፉት እነማን እንደነበሩ ዛሬም ይከራከራሉ። እንደሚሉት ከሆነ ግማሹ ከተማ ገፍቶታል። የመጀመሪያው ቴሌቪዥን የገባበትን ቤት ደግሞ እስካሁን «ሲኒማ ቤት» ይሉታል፤ ቴሌቪዥኑ ከተበላሸ ቆይቷል፣ ቤቱም አሁን ጨው መሸጫ ነው።

የእኔ ነገር የተጀመረው በክረምት፣ በገበያ ቀን ነው። የምሠራው በአክስቴ ልብስ ስፌት ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ዝናብ ሲመጣ ገበሬዎቹ ጋቢያቸውን አውልቀው አህያ ላይ የተጫነውን ጤፍ ያለብሳሉ፤ እነሱም ይበሰብሳሉ፣ ጤፉም ይበሰብሳል። ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ቀድጄ፣ ከውስጥ ላስቲክ ደርቤ፣ ጭነቱን ከነአህያዋ የሚሸፍን ነገር ሰፋሁ። መጀመሪያ ያለበስናት አህያ ነፋስ ልብሱን ፊቷ ላይ ገለበጠባት፤ ሳታይ ሮጣ ሸክላ ተራ ገባች። ከዚያ በኋላ አንገቱ ላይ ማሰሪያ ጨመርኩበት።

ባለቤቷ «ካባ አልብሰሽ ሙሽራ አስመሰልሽልኝ እኮ» አለ። ገበያው ሳቀ፤ ስሙም «የአህያ ካባ» ሆኖ ቀረ። ጆንያ ይዘው የሚመጡ በዙ።

ስሙን ያልወደደችው አክስቴ ብቻ ነበረች። «ካባ የካህን ነው፣ የሙሽራ ነው። አንድ ቀን ጣጣ ያመጣል» ትል ነበር።

ጣጣው መጣ። በቤተ ልሔም ደብር በኩል ዜማ የሚያስተምሩ አንድ የኔታ «አህያ እንዴት ካባ ትለብሳለች» ብለው ተቆጥተዋል፣ ሊገዝቱም ነው የሚል ወሬ ተነዛ። ያን ቀን ሁለት ገበሬዎች ጆንያቸውን ሳይሰፋ ወሰዱ። «እህቴ፣ አንቺን ጠልተን አይደለም፤ ግዝት እንፈራለን» አለኝ አንዱ። አክስቴም ካባው ከቆመ ለሁለት ሰው የሚሆን ሥራ እንደሌላት ነገረችኝ። ወደ እናቴ ቤት፣ ወደ ቆላው መመለሴ ነው። እኔ ደግሞ የስፌት መኪናዋን ወድጃት ነበር፤ መኪናዋ ስትጮህ እኔ ማውራት አይጠበቅብኝም።

በሚቀጥለው አርብ የኔታ ራሳቸው፣ ጥምጣማቸውን በላስቲክ ሸፍነው፣ በዝናብ ወደ በረንዳችን መጡ። ተነሥተን እጅ ነሣን።

«የአህያ ካባ የምትሰፋው የትኛዋ ናት?»

አክስቴ በአገጯ አመለከተችኝ። «እሷ ናት፣ የኔታ። ስሙን ግን ገበያው ነው ያወጣው። እሷማ እንኳን ለሌላ ስም ልታወጣ የራሷንም ሲጠይቋት አትናገር።»

«ታዲያ እኔን ስታይ ምን ያስደነግጣታል?»

በረንዳው ላይ ዝናብ ከሚያሳልፉት አንዱ ያ «ግዝት እንፈራለን» ያለኝ ገበሬ ነበር። «ይገዝታሉ ተብሎ እኮ ነው፣ የኔታ» አለ።

«ማን፣ እኔ?» ግራ ገብቷቸው አዩት። «ባለፈው መንገድ ላይ ዝናብ ሲመታኝ አንዲት አህያ ደርቃ አለፈችኝ። ‹አህያ ካባ ለብሳ እኔ ልበስብስ?› አልኩና ከተማሪዎቼ ጋር ሳቅን። ይኼ ነው ግዝት የሆነው? ለመሆኑ በሆሳዕና ሐዋርያት ልብሳቸውን ያኖሩት በምን ላይ ነው?»

«በአህያ ላይ፣ የኔታ።»

«እንግዲያ አንተ ከሐዋርያት ትበልጣለህ?»

ገበሬው ያን ሳይሰፋ የወሰደውን ጆንያ ለዝናቡ ራሱ ላይ ደፍቶት ነበር። ቀስ ብሎ አወለቀና መኪናዬ ላይ አስቀመጠልኝ።

የኔታ ሰፍቼ የጨረስኩትን አንድ ካባ አንሥተው ላስቲኩን ዳበሱት፣ ትከሻቸው ላይም ጣል አድርገው አዩት። ከኋላው የተንጠለጠለችውን የጨርቅ ቀለበት ይዘው «ይህችስ ለምንድን ናት?» አሉኝ።

«ጭራዋ የሚያልፍበት ነው» አልኩ፣ ድምፄ መውጣቱን እንጃ።

አክስቴ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። እሳቸው ግን ካባውን ከትከሻቸው ሳያወርዱ አሰቡበትና እንዲህ አሉኝ፦

«ለእኔም በልኬ አንድ ስፊልኝ፤ የጭራውን ግን ተይው።»