አማትን ከሰማይ ያወረደ ሳጥን

ነርሷ ቆሻሻ ልትጥል ወደ ክሊኒኩ ጓሮ ብትወጣ፣ አንድ ሰው ገንዳው ሥር አጎንብሶ የሆነ ነገር በካርቶን ይሸፍናል። ልትጮህ አፏን ስትከፍት ሰውየው ቀና አለ። የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ «ፕላኔት» የሚለው።

«አንተ! ሰው ከዚህ ይለቅማል እንጂ ይቀብራል እንዴ?»

«ኧረ ቀስ ብለሽ አውሪ፣ ሰው ይሰማል።»

ካርቶኑን ገለጥ ብታደርገው ነጭ የክትባት ማቀዝቀዣ ሳጥን ነው። አምና ክሊኒኩ ሲጥለው ራሷ ናት የሰጠችው። አሁን ሆዱ ተበስቶ፣ ጎኑ ላይ የኮምፒውተር ማራገቢያ ተለጥፎበት፣ ሽቦው እንደ አንጀት ተዘርግፏል።

የፕላኔት እንጀራ የመብራት ቆጣሪ ማንበብ ነው። ቀን የሰው መብራት ሲቆጥር ይውልና ማታ የእግዜርን ይቆጥራል፤ የራሱ ኮሪደር አምፖል ግን ከተቃጠለ ሰንብቷል። ካሜራውን ከቴሌስኮፕ ጋር አጋብቶ ሰማይ ያነሳል። ቤቱ የአማቱ ነው፣ ጣሪያውም የአማቱ፤ ጣሪያው ላይ ደግሞ የአማቱ የልብስ ማስጫ ገመድ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ካነሳው ፎቶ ጥግ ላይ ቀይ ነጥብ አየ። የሰማይ ካርታው ላይ ፈለጋት፣ የለችም። ውሎ ሳያድር ፎቶውን በፍሬም አስገብቶ፣ «እማማ፣ ይቺን ኮከብ በስምዎ ሰይሜያታለሁ» ብሎ ሰጣቸው። እማማ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። በማግሥቱ ገመዱ ወረደ፤ ጣሪያው የፕላኔት ሆነ። ሚስቱም እስከ ዛሬ እርጥብ አንሶላ መኝታ ቤት ታሰጣለች።

ነጥቧ ታዲያ ካሜራው ወደ ምሥራቅ ዞረ ወደ ምዕራብ፣ ከዚያች ጥግ ንቅንቅ አትልም። ሌላ ሰው ቢሆን ይጠረጥር ነበር። ፕላኔት ግን፣ «እማማም እንዲሁ ናቸው፣ የትም ብዞር ያዩኛል» ብሎ አለፈው።

ኋላ ካሜራ ሲግል ፎቶ ላይ የሌለ ነጥብ እንደሚፈጥር ሰማ። ወራት ፈጅቶ ነርሷ ከሰጠችው ሳጥን የካሜራ ማቀዝቀዣ ሠራ። ከተጣለ የውሃ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ አንድ ፊቱ የሚበርድ፣ ሌላ ፊቱ የሚግል ስስ ጠፍጣፋ ነቀለ። መስታወቱ ጉም እንዳይዝ ከዘመድ አዝማድ የጫማ ካርቶን ውስጥ እርጥበት የሚመጥጡ ትናንሽ ከረጢቶች ለቀመ። ሳጥኑ አላሳፈረውም። ካሜራው ቀዘቀዘ፣ ሰማዩ ጠራ፣ ኮከቦቹ እንደ መርፌ ጫፍ ነጥረው ወጡ። እማማ ብቻ የሉም።

«ለካ አማቴ ትኩሳት ኖረዋል!» አለ ለነርሷ።

ነርሷ ግድግዳ ይዛ ሳቀች። «እና ምን ቸገረህ? ንገራቸዋ!»

«እሑድ ኮከቤን ላሳያት ብለው እህታቸውን ይዘው ይመጣሉ። ከሌለች ገመዱ ይመለሳል፤ እኔና ቴሌስኮፔም ካልሲ ሥር መኖራችን ነው።»

«ሞተች በላቸው። ኮከብ ይሞት የለ?»

«እማማን ሞቱ ልበላቸው? ልቅሶ ያስቀምጡናል! ከዚያ ደግሞ ገዳዩ ይጣራልኝ ይላሉ።»

«ይብላኝልህ። ያን ያህል የደከምክበትን ሳጥን ግን እንዲህ ትጥለዋለህ?»

ፕላኔት ሳጥኑን አየው። በዕድሜው ውሸት የሌለበት ፎቶ ያነሳው በዚህ ሳጥን ብቻ ነው። የተዘረገፈውን ሽቦ ቀስ አድርጎ ወደ ሆዱ መለሰለት። መለስ ሲያደርግ እጁ ሶኬቱ ላይ ቆመ፣ ፊቱም ፍክት አለ፤ እውነት ለመናገር የቆረጠ ሰው ፊት ግን አልነበረም። ሳጥኑን እንደ ሕፃን ታቅፎ ተነሳ።

«ምነው? ልትነግራቸው ነው?» አለችው።

የጓሮው በር ላይ ደርሶ ዞር አለ።

«እሑድ ሶኬቱን እነቅለዋለሁ! ለእኔ ቀዝቃዛ፣ ለእማማ ትኩስ። አንቺም ኮከብ ካማረሽ ነይ፤ ብቻ ቀደም ብለሽ ደውይልኝ፣ ካሜራውን ላሙቅልሽ።»