ሐረጎ ላይ የቆመው ሯጭ

በሺር ኑርሁሴን ሩጫ የተማረው ከስፖርት መምህራችን አይደለም፤ ከገራዶ መንገድ ነው። ጠዋት ዳገቱን ወጥቶ ደሴ ይደርሳል፤ ማታ ቁልቁል ወደ ቤቱ ይመለሳል። ደወሉ ካመለጠው የትምህርት ቤቱ በር ስለሚዘጋበት ሲሮጥ ከረመ። እኛ አዳሪዎቹ ፊታችንን ታጥበን ሳንጨርስ እሱ ላቡን እየጠረገ ሜዳው ላይ ነው። ዘመኑ 1939 ዓ.ም. ነበር፤ ጣሊያን ወጥቶ ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ ብዙም አልቆየም።

ከትምህርት በኋላ ሜዳው ይሞላል። ገመድ ዘልሎ አሸዋ ላይ የሚወድቅ አለ፣ በባዶ እግሩ ሜዳውን የሚዞር አለ። እኔ አሎሎ ወርዋሪ ነበርኩ፤ የመረጥኩትም ቆመው የሚሠሩት ስፖርት ስለሆነ ነው። መምህሩ ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በሺርን ባዩ ቁጥር «ይህ ልጅ እረፍት ቢያገኝ የት በደረሰ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ልምምዱ ሲያልቅ እኛ ወደ እራት እንሄዳለን፣ እሱ ወደ ገራዶ ይሮጣል።

በዚያ ዓመት አባቱ ቁርጡን ነገሩት። «መንገድ ላይ ያለቀ ልጅ ለትምህርትም ለእርሻም አይሆንም። ወይ እዚያው እደር፣ ወይ በሬዎቹን ያዝ።» ደሴ ውስጥ ደግሞ ዘመድ የለውም። በአዳሪዎች ክፍል የቀረው አልጋ አንድ ብቻ ነበር፤ ዲሬክተራችን ያንን አልጋ ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ በሚደረገው ሩጫ ለሚያሸንፈው ተማሪ እሰጣለሁ አሉ። የልጅ ዕድል በእግር ይለካል ወይ ብሎ የጠየቃቸው የለም። እኔን እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ለአልጋው የቋመጠ ሌላም ነበር፤ ቀለሙ፣ ደጋን ከሚባል መንደር የመጣ ልጅ። ደሴ ያስጠጉት ሰዎች ቤቱን ልቀቅልን ብለውታል። ስለዚህ ክፉ ሰው አትፈልጉ፤ ሁለቱም የቸገራቸው ልጆች ነበሩ።

የሩጫው ቀን እኛ በጭነት መኪና ከኋላ ተከተልን። ከኮምቦልቻ ሲነሡ ተጠጋግተው ነበር። የሐረጎ ዳገት ሲጀምር ግን ብዙዎቹ እየተንጠባጠቡ ቀሩ፤ ፊት በሺር፣ ከእሱ ራቅ ብሎ ቀለሙ፣ ከዚያ ሌሎቹ። ፀሐይዋ ስትከር በሺር ሸሚዙን አውልቆ ጠቀለለና በብብቱ ሸጎጠው። መኪናው ላይ ያሉት የቀለሙ ጓደኞች «ድረስበት! እንዳያመልጥህ!» እያሉ ይጮኻሉ። እኔ የመኪናውን ሳንቃ እየደበደብኩ የበሺርን ስም እጠራለሁ።

አንዱ ኩርባ ላይ ማሳቸውን ሲኮተኩቱ የነበሩ ሽማግሌ ቀና አሉ። ያዩት ጥቅል በብብቱ የያዘ፣ ከወገቡ በላይ እርቃኑን የሚሮጥ ጎረምሳ ነው፤ ከኋላው የሚያባርሩት ሰዎች አሉ፣ ከእነሱ ኋላ ጩኸት የጫነ መኪና ይመጣል። ሌባ ካልሆነ ምን ይሆናል? ዱላቸውን አንሥተው መንገዱ መሃል ገቡ።

«በሕግ አምላክ! ቁም!»

ዛሬ ይህን የሚያነብ ወጣት ይስቅ ይሆናል። ያኔ ግን በሕግ አምላክ የተባለ ሰው፣ ጠላቱ ላይ ጎራዴ መዝዞም ቢሆን፣ ባለበት ይቆማል፤ ያስቆመው ሰው ካልለቀቀው ወይም ዳኛ ፊት ካልደረሱ ንቅንቅ የለም። ሽማግሌው ደካማ ናቸው፤ በሺር በጎናቸው ሾልኮ ቢያልፍ የሚደርስበት አልነበረም። ይህን እሱም ያውቃል። አልጋውንም ያውቃል።

ቆመ። 

«አባባ፣ ወላሂ አልሰረቅኩም። የትምህርት ቤት ሩጫ ነው። ይልቀቁኝ።»

«በብብትህ ያለው የማን ዕቃ ነው?»

«ሸሚዜ ነው፤ ይዩት።»

ይህን ሲባባሉ ቀለሙ ደረሰ። እርምጃውን ገታ አደረገ፤ በሺርንም ሽማግሌውንም አየ። እሱን በሕግ አምላክ ያለው የለም። አለፈ። በሺር ጀርባውን እያየ ቀረ።

ከመኪናው ዘልዬ ወርጄ፣ እኔ አሎሎ ወርዋሪው ሮጬ፣ ነገሩን አስረዳሁ። ሽማግሌው ሸሚዙን ዘርግተው አዩት፤ ከላብ በቀር ምንም የለበትም። ፊታቸው አመድ መሰለ። «ለቅቄሃለሁ፣ ልጄ። ሂድ፣ ሂድ» አሉት። በሺር ተፈተለከ። ደሴ መግቢያ ላይ ሊደርስበት ምንም አልቀረውም ነበር፤ ሩጫው በሚያልቅበት የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ግን ቀለሙ በደረት ቀደመው።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው ያንን ሁሉ ዳገት በእግራቸው ጨርሰው ትምህርት ቤቱ መጡ። አቶ በላቸው ይባላሉ። ዲሬክተሩ ፊት ቆመው «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጌታዬ። አልጋውን ለቆመው ልጅ ይስጡልኝ» አሉ።

«አባት፣ የቀደመው ቀድሟል። እሱም ማደሪያ የለውም» አሉ ዲሬክተሩ። ልክ ነበሩ፤ የሚያበሳጨውም ያ ነው።

አቶ በላቸው ወደ በሺር ዞሩ። «በጣሊያን ጊዜ ከብቶቼን ሲነዱብኝ በሕግ አምላክ ብዬ ጮኼ ነበር። ሳቁብኝ እንጂ የቆመልኝ የለም። ከዚያ ወዲህ ይህ ቃል ከአፌ የወጣው ገና ዛሬ ነው። አንተ ቆምክልኝ፤ እኔ ደግሞ አልጋ አሳጣሁህ። እኅቴ ፀሐይነሽ ፒያሳ አጠገብ ብቻዋን ትኖራለች። እሷ ዘንድ ታድራለህ።»

«እኔ እስላም ነኝ፣ አባባ።»

«ለሥጋህ ድስት ለብቻ ይቀመጥልሃል። ከእንቅልፍ ጋር ግን ምን አገናኘው?»

በሺር እዚያ አደረ፤ ትምህርቱንም አላቋረጠም።

በዓመቱ ሩጫው ተደገመ፤ አንድ አዳሪ ትምህርቱን ጨርሶ በመሄዱ አልጋም ተለቆ ነበር። በሺር ሐረጎን እየመራ ወጣ። ያቺ ኩርባ ላይ ሲደርስ መንገዱን ገበሬ ሞልቶታል፤ መሃል ላይ አቶ በላቸው ዱላቸውን አንሥተው ቆመዋል። የበሺር እርምጃ ሲያጥር ከመኪናው ላይ አየሁ።

«በሕግ አምላክ!» አሉ አቶ በላቸው ወደ ሕዝቡ ዞረው። «ይህን ልጅ ማንም እንዳያቆመው! መንገድ ልቀቁ!»

ገበሬው ሁሉ ግራና ቀኝ ተከፈለ። በሺር እያለቀሰ በመሃላቸው አለፈ፤ እኔም አለቀስኩ። ያን ቀን የደረሰበት አልነበረም።

ሜዳው ላይ ዲሬክተሩ እጁን ጨብጠው «በል፣ አልጋው ያንተ ነው» አሉት።

«ለሌላ የገራዶ ልጅ ይስጡልኝ፣ ጌታዬ» አለ በሺር ትንፋሹን እየሰበሰበ። «እኔ ቤት አለኝ። እትዬ ፀሐይነሽ ለእራት ይጠብቁኛል።»